የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ድርሻ በዲጂታል ዘመን፤ ከድሬዳዋ ታሪክ የተወሰዱ ምሳሌዎች

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ስፍራ በደረሰ ጊዜ ለአዲሲቱ ከተማ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ወደ ጥንታዊቱ ሐረር ለመዝለቅ ስላልተቻለው፣ ከተማይቱ የባቡሩ ማረፊያ ሆና ተቈረቈረች። የታሰበው ስም ግን አልጸናም፤ የአገሩ ሕዝብ ስፍራውን ይጠራበት የነበረው ስም በረታ። ይኸውም ቢሆን እንደ ጸሐፊው ቋንቋ ይለዋወጣል። በአማርኛ አንዱ «ድሬዳዋ» ብሎ አጋጥሞ፣ ሌላው «ድሬ ዳዋ» ብሎ ነጣጥሎ ይጽፈዋል። በኦሮምኛና በሶማልኛ በላቲን ፊደል የሚጻፈው እርስ በርሱ የተለየ ሲሆን፣ በሶማልኛ ድምፁም ተለውጦ «ድሪዳባ» ይሆናል። የምድር ባቡሩ ኩባንያ ፈረንሳውያን የጻፉበት አኳኋን ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር አይገጥምም።

ይህ የፊደል ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ስለ ተወለደባት ከተማ ታሪክ እንዲጽፍ የታዘዘ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ቢጽፍ፣ የሚቀርብለት በአብዛኛው በዚያው አጻጻፍ የተጻፈው ነው። የቀረውን መኖሩንም አያውቅም።

የቀድሞው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይህን ችግር በካርድና በእንጨት መሳቢያ ይፈታው ነበር። «አዲስ ሐረር፤ ድሬዳዋን ተመልከት» የምትል አንዲት ማመሳከሪያ ካርድ በተገቢው ስፍራ ትቀመጣለች፤ አንባቢው በየትኛውም ስም ቢመጣ ከሚፈልገው ይደርሳል። በደራሲያን ስምም ረገድ እንደዚሁ ነው። የውጭው አገር ሥርዓት የቤተሰብን ስም ስለሚያስቀድም፣ በዚያ ሥርዓት የተዘጋጀ ዝርዝር ሀዲስ ዓለማየሁን በ«ዓ» ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ ኢትዮጵያዊው አንባቢ ደግሞ በ«ሀ» ሥር ይፈልጋቸዋል። ከዚያም ላይ የሀ፣ የሐና የኀ፣ የሰና የሠ፣ የአና የዐ፣ የጸና የፀ ልዩነት አለ። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈ «ጸሀይ» ተብሎ የተመዘገበውን እንዲያገኝ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን አስቀድሞ ያሰበ ሰው መኖር አለበት። ማሽኑ በራሱ አያስበውም፤ ያሰበለት ሰው ካለ ግን ከካርዱ ይበልጥ ፈጥኖ ይሠራዋል።

የድሬዳዋ ጉዳይ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ስለ ከተማይቱ የተጻፈው በአንድ ቋንቋ አይደለም። የምድር ባቡሩ የሥራ ጽሑፍ በፈረንሳይኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በሐረር መታተም የጀመረው የካፑሲን ሚሲዮናውያን የፈረንሳይኛ ጋዜጣ የአካባቢውን ወሬ ይዟል፤ ቅዱስ አልዓዛር የተባለው ማተሚያ ቤታቸውም ኋላ በድሬዳዋ ሆኖ መጻሕፍት አሳትሟል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነው። በከዚራም ሆነ በመጋላ ያደገ ልጅ ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይናገር ይሆናል፤ ሁሉንም እንዲያነብ ግን አይጠበቅበትም። የትኛው ጽሑፍ በየትኛው ቋንቋ እንዳለ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በዕቅድ ረገድ እስከ አሁን የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ተጀመረ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት ሲዘጉ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተሠራጨ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም ስላልተዳረሰ፣ የመማሪያ መጻሕፍቱ ዲጂታል ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ ነበር። በየጊዜው የታሰበው ስለ ማስተላለፊያው ነው፤ የተላለፈውን ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ግን እምብዛም አልታሰበም። የአሮጌውና የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ቅጂዎች በአንድ የቴሌግራም ገጽ ተቀላቅለው ሲገኙ፣ ስማርት ስልክ ያለው ተማሪ እንኳ ለፈተና የማይጠቅመውን መጽሐፍ ሲያጠና ሊከርም ይችላል። ስልክ የሌለው ተማሪማ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በቀር የሚሄድበት የለውም። እዚያም የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ለሙያው የሠለጠነ ሰው ሳይሆን፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል ያነሰበት መምህር ወይም ቁልፍ ያዥ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ በኢንፎርሜሽን ሙያ በማስተርስ ደረጃ ሲያስተምር መቆየቱን ስናስብ፣ ችግሩ የሙያው በአገር ውስጥ አለመኖር ነው ለማለት አይቻልም። ችግሩ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሥራ መደብ የሚታይበት ዓይን ነው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች በጎርፍ አለቁ። ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት የከተማይቱ ልጆች ያን ጊዜ አልተወለዱም፤ ከወላጆቻቸው የሚሰሙት ግን «የዘጠና ስምንቱ ጎርፍ» እየተባለ ነው። ተማሪው 1998 የሚለውን ቁጥር ይዞ በእንግሊዝኛ ቢፈልግ የሚመጣለት ከዚያ ስምንት ዓመት በፊት በሌላው ዓለም የደረሰ ነገር ነው፤ የውጭ አገር ዘገባዎች የድሬዳዋን ጎርፍ የመዘገቡት በ2006 ሥር ነውና። ሁለቱን ዓመተ ምሕረት፣ የወንዙን ስምና የከተማይቱን ልዩ ልዩ አጻጻፍ በአንድ መስመር አስፍሮ በኮምፒዩተሩ አጠገብ ለመለጠፍ ግማሽ ቀን ይበቃል። ይህን ግማሽ ቀን የሥራው ክፍል አድርጎ የሚቈጥርለት የሥራ ዝርዝር ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሊጻፍለት ይገባል።