ስኪድ ስቲር ሎደር (ቦብካት)

ስኪድ ስቲር ሎደር አራቱም ጎማዎቹ የሚነዱ፣ መሪ የሌለው፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቹን ፍጥነት በማለያየት ባለበት የሚዞር አነስተኛ የመዛቂያና የመጫኛ ማሽን ነው። ትልቁ ሎደር በማይገባበት ግቢ፣ መጋዘንና ጠባብ መንገድ ውስጥ አፈር፣ ገረጋንቲ፣ ፍግ፣ እህል ወይም ፍርስራሽ ያነሳል። በአገራችን የየትኛውም ፋብሪካ ሥሪት ቢሆን ቦብካት ይባላል፤ ስሙ ግን የአንድ አምራች ነው።

የመጀመሪያውን ማሽን በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ሮትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ የብየዳና የብረታ ብረት ሥራ የነበራቸው ሲሪልና ሉዊስ ኬለር የተባሉ ወንድማማቾች ሠሩት። ያሠራቸው ተርኪ የሚያረባ ገበሬ ሲሆን፣ ፎቅ ካለው የዶሮ ቤቱ ፍግ ጠርጎ የሚያወጣለት ቀላል ማሽን ይፈልግ ነበር። ያ ማሽን ሦስት ጎማ ብቻ ነበረው። በቀጣዩ ዓመት የሰሜን ዳኮታው መልሮ ኩባንያ የማምረቱን መብት ወሰደ፤ አራት ጎማ ያለው ኤም-400 በ1960፣ ቦብካት የሚለው ስም ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. መጣ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ምዕራብ ጎጃም ለእንዲህ ያለ ማሽን ሥራ አያጣም። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ የበቆሎ አገር ናቸው፤ በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ እዚያው ተመርቋል። አንባቢ በሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ የሚያውቃት ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ በበጋ ቀይ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። የማሽኑ አምራች መመሪያ መጽሐፍ እነዚህን ሁለቱን በቅጡ አያውቃቸውም፤ የጥገናው ነገር የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው።

ከአቅሙ እንጀምር። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ 60 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 50 እንኳ ላይሰጥ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሆኖም «ጉልበት አነሰው» ተብሎ ፖምፓው ሲከፈት ማየት የተለመደ ነው፤ ትርፉ ጥቁር ጭስና የሚግል ሞተር ነው። ናፍጣ ቢጨመር የሚያቃጥለው አየር ከየት ይመጣል? መፍትሔው ከመግዛት በፊት ቱርቦ ያለውን መምረጥ ነው። ውሃም በ2,000 ሜትር ከፍታ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ግፊት የማይዝ ያረጀ የራዲያተር ክዳን እዚህ ማሽኑን ቶሎ ያፈላዋል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ የሞተሩ ቴስታ ግን አይደለም።

የጎማ ቦብካት የሥራ ጭነት ልኩ ማሽኑን ወደ ፊት ከሚደፋው ክብደት ግማሹ ነው። ልኩ 7 ኩንታል የሆነ ማሽን 0.4 ሜትር ኩብ ባኬት ቢኖረው፣ ባኬት ሙሉ የበቆሎ ፍሬ 3 ኩንታል አይሞላም። ያው ባኬት ዝናብ የጠጣ ቀይ አፈር ሲይዝ 7 ኩንታልን ያልፋል። በበቆሎ የለመደ ኦፕሬተር በሐምሌ አፈር ሲጭን የኋላ ጎማው የሚነሳው ለዚህ ነው። ባዶ ማሽን ክብደቱ ከኋላ፣ የጫነ ደግሞ ከፊት ስለሆነ፣ ዳገት ሲወጣ ከባዱ ወገን ምንጊዜም ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ባዶው በኋላ ማርሽ፣ የጫነው በፊት ይወጣል።

በበጋ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የአየር ፊልትሮው ድርብ ነው፤ የውጪው ሲቆሽሽ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ በሚነፋ አየር ሊጸዳ ይችላል፣ የውስጡ ግን አይነፋም፣ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ፊልትሮን ጎማ ላይ እየመቱ ማራገፍ ወረቀቱን ስለሚቀድ፣ አቧራው በቀጥታ ገብቶ ፒስተንና ቀለበት ይበላል። የበቆሎ ገለባ በሚነሳበት ቦታ ደግሞ ፈረፈሩ ራዲያተሩን ይደፍናል፣ ማርሚታው አጠገብ ተከማችቶም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ከሥራ በኋላ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ መጥረግ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ክረምት ሲገባ ጭቃው ከሆዱ ሥር ይጋገራል፣ የክንዱ ፔርኖዎች ውስጥም ይገባል። ግራሶ የሚያስፈልገው ለማለስለስ ብቻ አይደለም፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌውን ከነጭቃው ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ንጹሕ ግራሶ በጎኑ ብቅ እስኪል በየቀኑ፣ በተለይ ባኬቱ የሚታሰርበት ላይ፣ መጨመር አለበት። በዚህ ማሽን ከሚታዩ ወጪዎች ብዙዎቹ በግራሶ ስንፍና የሚመጡ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ፔርኖው ሲላላ ቤቱ ይሰፋል፣ ቤቱ ሲሰፋ ቶርኖ ቤት ይኬዳል።

ከማደያ ርቆ የሚሠራ ማሽን ናፍጣውን በበርሜልና በጄሪካን ነው የሚያገኘው። በርሜል ሌሊት ላብ ያልበዋል፤ ውሃው ከሥር ይተኛል። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ የውሃ መለያውን ከሥሩ ከፍቶ ማንጠባጠብና ማምሻውን ታንከሩን ሞልቶ ማሳደር የፖምፓና የኢንጀክተር ዕድሜ ያረዝማል።

ጎማዎቹን የሚያዞረው የሃይድሮሊክ ኃይል ነው፤ በየጎኑ ያሉት ሁለት ጎማዎች ከአንድ የሃይድሮሊክ ሞተር በካቴና ስለሚገናኙ፣ አንዱን ብቻ በአዲስ መቀየር ካቴናውን ያስጨንቃል። ባለበት መሽከርከርም ገረጋንቲ ላይ ጎማ ይላጫል፤ ቦታ ካለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያሉ መዞር ይሻላል። የዘይቱ ግፊት ከ200 ባር በላይ ስለሚደርስ፣ በቀዳዳ ቱቦ የሚወጣ ቀጭን ፍንጥቅጣቂ ቆዳ በስቶ ይገባል። ፍሳሽ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ የተወጋ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያውኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ክንዱ ተነስቶ ሳለ መቆለፊያው ካልገባ ማንም ከሥሩ አይገባም። የመቀመጫውን ሴንሰር «ዳይሬክት» አድርጎ መሥራትም ሰው ሳይቀመጥ ክንዱ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ ነው፤ እንዲህ ያደረገ መካኒክ ሁለተኛ ሊጠራ አይገባም።

የሰርቪስ ጊዜ የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው። እንደ ሥሪቱ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ በየ250 ወይም በየ500 ሰዓት፣ የሃይድሮሊክና የካቴና ቤት ዘይት ብዙውን ጊዜ በየ1,000 ሰዓት ይቀየራል። አቧራ ባለበት ግን ማሳጠር ግድ ነው። ኪራዩም በሰዓት ስለሆነ ቆጣሪውን ባለንብረቱም ተከራዩም በየማታው ያዩታል፤ ይሁንና ቁጥሩ ሒሳብ ደብተር ላይ ሰፍሮ የሰርቪስ ደብተር ሳይደርስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ያገለገለ ቦብካት የሚገዛ ሰው ቆጣሪውን ብቻ አይመን፤ ቆጣሪ ይለወጣል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ያስነሳ፣ የመቀመጫውንና የእግር ፔዳሉን መበላት ይመልከት፣ ባኬቱን መሬት ላይ አድርጎ ክንዱን በትንሹ በማንሳት የፔርኖዎቹን ጨዋታ ይይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ነድቶም ወደ አንድ ጎን የሚስብ መሆኑን ያረጋግጥ። ቆጣሪው ትንሽ ሰዓት እያሳየ ፔርኖዎቹ የላሉበት ማሽን አይገዛም።