ሸራው ስንት ነፍስ ይሸፍናል?

እንግዲህ ስሙኝ ጎበዝ፤ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉና ቀረብ በሉ። ሮብ ገበያ እንደ ስሟ በሮብ ቀን ትሞላለች። ከስናን መንደሮች ድንቹና ገብሱ በአህያ ተጭኖ ይመጣል፤ ጨውና ሳሙናው ተሸምቶ ይመለሳል። የጮቄ ተራራ ከበላያችን ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ሐምሌ ላይ ከዚያ የሚወርደው ነፋስ ጋቢ ደርቦ ለተኛ እንኳ አይራራም። በእኛ አገር ቤት ማለት ማገሩ የጠበቀ፣ ጭቃው በጭድ ታሽቶ የተመረገ፣ እሳቱም እውስጥ የሚነድ ነው። የዛሬው ነገሬ ስለ ሸራ ቤት ነውና በዚህ ብርድ ልክ ስሙልኝ።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን ንጋት ላይ፣ በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ በምትባል ቀበሌ ታጣቂዎች ሰው በተኛበት ደረሱበት። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። መተከል ከዚያ በፊትም ወራት ሙሉ ስትታመስ ከርማለች። ነፍሱ የተረፈችው ሕዝብ ወደ አዊ ዞን ተሻገረ፤ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ቻግኒ ገባ። ጓንጓ ወረዳ ውስጥ ራንች በሚባል ሥፍራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሰፈረ። ራንች፣ ስሙ እንደሚነግራችሁ፣ የከብት እርባታ ቦታ ነው። ከብት ሊረባበት በታሰበ ሜዳ ላይ የሰው ልጅ ሸራ ወጥሮ ከረመ። ይህን ስናገር ሆዴ ይባባል።

አሁን አንድ ቤተሰብ በልባችሁ ያዙልኝ። ስም አልሰጠውም፤ እንደዚያ ያለው ብዙ ነውና። አባት፣ እናት፣ አራት ልጆችና አያት፤ ሰባት ነፍስ። ሸራ ደረሳቸው እንበል። በእርዳታ ሥራ የተለመደው ሸራ 4 በ6 ሜትር ነው። መሬት ላይ ዘርጉት፤ 24 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው ከ3.5 ካሬ ሜትር ያላነሰ የተሸፈነ ቦታ ይድረሰው ይላል። ሃያ አራቱን ለሰባት አካፍሉ፤ 3.4 ግድም ይመጣል። ተዘርግቶ እንኳ አልበቃም! ሸራ ደግሞ ተዘርግቶ አይኖርም፤ ጣራ ሲሆን በሁለት ወገን ይወርዳል፣ ወለሉም ይጠብባል። እሳት ቤት ውስጥ በሚነድበት ብርዳም አገርማ ያው መለኪያ ለሰው ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ይጠይቃል። ለሰባት ነፍስ ትንሹ 31.5 ነው። ስለዚህ «ለእያንዳንዱ አባወራ አንድ ሸራ ታድሏል» ሲባል ስትሰሙ፣ አባወራው ስንት ነፍስ ነው ብላችሁ ጠይቁልኝ።

ደግሞስ ሸራ ብቻውን ምን ያደርጋል? ቋሚ ይሻል፣ ወራጅ ይሻል፣ ገመድ ይሻል። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ፌዴሬሽን የመጠለያ ጥቅል ሁለት ሸራ ከገመድ፣ ከመጋዝ፣ ከመዶሻ፣ ከምስማር፣ ከአካፋና ከዶማ ጋር የሚይዘው ለዚህ ነው። እንጨቱ ግን ጥቅሉ ውስጥ የለም። ሰጪው ካላሰበበት ተፈናቃዩ ወደ ቅርቡ ዛፍ ይሄዳል፤ የዛፉ ባለቤት ደግሞ ትናንት እንጀራ ቆርሶ የሰጠው ያው ገበሬ ነው። ጠብ እዚህ ላይ ይጀመራል። ከሸራው ጋር ጥቂት የባህር ዛፍ አጣና ተገዝቶ ቢመጣ ሁለቱ ባልተኮራረፉ ነበር።

ማስተባበር የሚባለው ሥራ ይህን ቀድሞ ማየት ነው። በአገራችን የመጠለያና የቤት ቁሳቁስ እርዳታ የሚቀናጅበትን ጉባኤ፣ ክላስተር የሚሉትን፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከመንግሥት የአደጋ ስጋት አመራር ጋር ሆኖ ይመራዋል። አሠራሩ በዓለም የተዘረጋው በፈረንጆቹ 2005 ነው። አንዱ ሸራ አለኝ ይላል፣ አንዱ ብርድ ልብስ፣ አንዱ ጀሪካንና ድስት፤ ማን የት ይሂድ ነው ነገሩ። እናንተ ደቦ ታውቃላችሁ። ደቦ የጠራ ገበሬ ማን ያጭዳል፣ ማን ነዶ ይሸከማል፣ ማን ይከምራል ብሎ ካልደለደለ እህሉ ማሳ ላይ ያድራል፣ ዝናብም ይቀድመዋል።

ዝናብ ይቀድመዋል አልኩ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። በ1998ቱ ክረምት፣ ኋላም በ2012ቱ፣ ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን አጥለቀለቁት፤ ሰው ከነከብቱ ወደ ከፍታ ወጣ። የጎርፍ ተፈናቃይ ዓይኑ ውሃው ላይ ነው፤ ጎደለ አልጎደለ እያለ ይጠብቃል፣ ሲጎድል ጭቃውን ጠርጎ ቤቱን ያቀናል። በግጭት የተፈናቀለ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ መንገዱ መቼ ሰላም እንደሚሆን የሚነግረው የለም። ለአንደኛው ሳምንታት የሚያሻግር ሸራ ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛው ያንኑ ሸራ ተሸክሞ ሁለተኛ ክረምት ይገባል፣ ፀሐይ የበላው ሸራም ይተረተራል። ሁለቱን በአንድ ዝርዝር ጽፎ አንድ ዓይነት ዕቃ መላክ ስህተት ነው እላለሁ። የሰፈሩ ቦታም እንዲሁ ቀድሞ ይታሰብበት። የስፊር መለኪያ የሰፈሩ ተዳፋትነት ከ5 በመቶ አይለፍ ይላል። በእኛ ተራራማ አገር እንዲህ ያለ ሜዳ ስታገኙ መጀመሪያ ክረምት ላይ ውሃው በየት እንደሚያልፍ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቁ፤ ቦዩን የሚያውቀው እሱ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 በአገራችን በግጭት ምክንያት 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል። የተፈናቀለው ሰው ሁሉ የት አደረ? ሁሉም ሸራ ሥር አላደረም፤ የሰው ቤት የገባው ብዙ ነው። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ ስለ አገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣው የካምፓላ ስምምነት ለተፈናቃዩ መጠለያ ይቅረብ ይላል፣ እንደ ሁኔታውም እርዳታው ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ይድረስ ይላል። ነገር ግን ተቀባዩን ማን ያውቀዋል?

ያን ሰባት ነፍስ አስታውሱልኝ። ራንች አልገቡም እንበል፤ እናትየው እዚህ እህት አለቻት። እህቲቱ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ሰባቱ በሌሊት ደረሱ። እግራቸው ታጠበ፣ ቆሎ ተቆላ፣ መደቡ ለአያት ተለቀቀ፣ ልጆቹ ከልጆቹ ጋር በአንድ አጎዛ ተኮማተሩ። ጎተራው የአምስት ሰው ቀለብ ይዟል። ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ።

አንድ ቀን መዝጋቢ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ በዝናብ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ተጣራ።

«እሜቴ፣ እዚህ ቤት ተፈናቃይ አለ?»

«የለም ልጄ።»

«እነዚያስ ልጆች?»

ሴትዮዋ ተቆጣች። «ምን ማለትህ ነው? የእህቴ ልጆች ናቸው እንጂ!»

መዝጋቢው «የለም» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ግቢ ተሻገረ። በዚያች ሌሊት በዚያች ቤት አሥራ ሁለት ሰው አደረ።