ከትምህርት ገበታ መቅረት (በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች)

ከትምህርት ገበታ መቅረት ተመዝግቦ የሚማር ተማሪ፣ በፈቃድም ሆነ ያለ ፈቃድ፣ በክፍለ ጊዜው አለመገኘቱ ነው፤ ትምህርትን ጨርሶ ከማቋረጥ ይለያል። በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ በወረዳ ከተማ ስለሚገኝ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ተማሪ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ዓርብ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፤ አጨዳና ውቂያ በሚበረታባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሰኞ ላይመለስ ይችላል። ይህን ስንፍና ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ በሌለበት ግቢ ሴት ተማሪዎች በወር አበባ ምክንያት ይቀራሉ። በከተማ የቀን ሥራና የጓደኛ ግፊት ይታከላሉ። የመምህሩ የራሱ መቅረትም አለ፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም።

ጉዳቱ በሒሳብና በፊዚክስ ይከፋል፤ የትናንቱን ያልሰማ የዛሬውን አይከተልም። ተማሪው በፈተና ይወድቃል፣ ያፍራል፣ ይባስ ብሎ ይቀራል፤ በመጨረሻም ያቋርጣል። የቀረን ተማሪ «ወላጅህን አምጣ» ብሎ ከክፍል ማስወጣት የተለመደ ቅጣት ነው፤ ወላጁ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ለሚኖር ልጅ ግን ሌላ የመቅረት ቀን ከመጨመር አያልፍም።