የመልእክት ለይቶ ማቆያ፦ ሳይደርስ የቀረ መልእክት የት ይከርማል?

በሁለት ፕሮግራሞች መሀል ቆሞ ከአንዱ መልእክት የሚቀበል፣ የሚያስቀምጥና ለሌላው የሚያደርስ ሶፍትዌር አለ፤ መልእክት አቀባባይ እንበለው። ላኪው መልእክቱን ወረፋ ያስይዘዋል፤ ተቀባዩ በተራው አንሥቶ ከሠራበት በኋላ «ተቀብያለሁ» የሚል ማረጋገጫ ይመልሳል። ማረጋገጫው እስኪመጣ ድረስ መልእክቱ አይሰረዝም። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የክፍያ መልእክት ቀኑ «3/13/2016» ተብሎ መጣ እንበል። ላኪው ጳጉሜን 3 ማለቱ ነው፤ ዓመትን በ12 ወር ብቻ የሚያውቀው ተቀባይ ግን ባነበበው ቁጥር ይወድቃል። አቀባባዩም ደግሞ ደጋግሞ ይሰጠዋል። አክቲቭኤምኪው በተባለው አቀባባይ የተለመደው ልክ 6 ድጋሚ ሙከራ ነው። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ከዋናው ወረፋ ወጥቶ ባለሙያዎች «ዴድ ሌተር ኪው» ወደሚሉት ሌላ ወረፋ ይዛወራል።

ስሙ የመጣው ከፖስታ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1825 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለቤቱ ያልተገኘ ደብዳቤ የሚላክበት ቢሮ ነበር፤ ሠራተኞቹ ፖስታውን ከፍተው የላኪውን ወይም የተቀባዩን ዱካ ይፈልጉ ነበር። «የሙት ደብዳቤ ወረፋ» ማለት ይቻላል፤ ግን አልወደድኩትም፤ ሙት ወደ መጣበት አይመለስም፣ ይህ መልእክት ግን ችግሩ ሲስተካከል ይመለሳል። ስለዚህ ከኮሮና ወዲህ ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ተውሼ «የመልእክት ለይቶ ማቆያ» ብዬዋለሁ።

ማቆያው ቦታ ይበላል። አክቲቭኤምኪው ዘላቂ መልእክቶችን ካሃዲቢ በሚባለው ማከማቻው ውስጥ እንደ አመጣጣቸው ይመዘግባል፤ አንዱ የመዝገብ ፋይል በተለመደው ልክ 32 ሜጋባይት ነው። ለይቶ ማቆያ የገባውም መልእክት እዚያው ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይጻፋል። ፋይሉ የሚሰረዘው በውስጡ አንድም ተፈላጊ ነገር ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው። እናም 2 ኪሎባይት የማትሞላ የጳጉሜን መልእክት 32 ሜጋባይቱን ይዛ ትከርማለች። በዚህም አያበቃም፦ በዚያው ፋይል ላሉ ሌሎች መልእክቶች የተሰጡት ማረጋገጫዎች ያረፉባቸው ተከታይ ፋይሎችም አብረው ይታሰራሉ፤ እነሱ ቢጠፉ አቀባባዩ መዝገቡን እንደገና ሲያነብ የደረሱትን እንዳልደረሱ ይቆጥራቸዋል። (ከ5.14 ጀምሮ ማረጋገጫዎቹን ወደ አዲስ ፋይል ሰብስቦ የሚጽፍ ዘዴ ስለተጨመረ ይኼኛው ቀለል ብሏል።) ዋናዎቹ ወረፋዎች ባዶ ሆነው ዲስኩ ሲሞላ ያየ አስተዳዳሪ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ለማከማቻው የተመደበው ልክ ሲሞላ አቀባባዩ ላኪዎችን ያስቆማል፤ ማከማቻው የጋራ ስለሆነ ምንም ጥፋት የሌለባቸውንም ጭምር።

ብዙ ሰው መፍትሔ አድርጎ የሚያስበው መልእክቱ ላይ የማብቂያ ጊዜ መጻፍን ነው። ነገር ግን በተለመደው አሠራር ጊዜው ያለፈበት ዘላቂ መልእክት ራሱ ለይቶ ማቆያ ይገባል፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የጊዜ ገደቡ ይነሣለታል። ሊቀንስ የታሰበው ክምር ቦታ ቀይሮ ያድጋል ማለት ነው። ይልቅ ሁሉ የሚጠራቀምበትን አንድ የጋራ ማቆያ በየወረፋው መከፋፈል ይሻላል። የታክሲ መገኛ ቦታ የሚያመላክት መልእክት ሰዓቱ ካለፈ ማቆያም ሳይገባ ቢጣል ማንም አይጎዳም። የክፍያውን መልእክት ሰው ሳያየው ማጥፋት ግን አይሞከርም፤ ለእሱ ማቆያው መልእክት ሲገባበት የሚጮህ ማንቂያ ይደረግለታል። ለቀሪዎቹ ማቆያዎች የየራሳቸው የጊዜ ገደብ ይሰጣቸዋል፤ የሚጻፈው በሚሊሰከንድ ነው፣ ለ7 ቀን 604,800,000።