በጣና ሐይቅ ዳርቻ መልህቅ የመጣልና ጀልባ የማቆም ሥርዓት

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ቢሆንም፣ ለጀልባ ማቆሚያ የሚመች ዳርቻው ጥቂት ነው። ቀሪው በደንገል የተሸፈነ፣ ረግረጋማ ወይም ድንጋያማ ነው። በዚህም ምክንያት በባሕር ዳር፣ በዘጌ፣ በደቅ ደሴት፣ በቁንዝላ፣ በደልጊና በጎርጎራ የጎብኚዎች ሞተር ጀልባ፣ የዓሣ አጥማጆች የእንጨት ጀልባ፣ የደንገል ታንኳና የሕዝብ ማመላለሻ መርከብ በአንድ ጠባብ ዳርቻ ላይ ይገናኛሉ። ይህ መረጃ ባለጀልባዎችና ተሳፋሪዎች ይህን ዳርቻ ሳይጎዳዱ ለመጋራት ሊያውቁት የሚገባውን ያቀርባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት መጠኖች በመርከበኝነት ሙያ የታወቁ የጥንቃቄ ልኬቶች ናቸው፤ የመሳፈሪያው አስተዳደር ለአንድ ጀልባ የተለየ ቦታ በመደበ ጊዜ ተፈጻሚ የሚሆነው ምደባው ነው።

ርቀት ከየት ይለካል?

በዳርቻው ላይ ለሚነሣው አለመግባባት ዋነኛው ምክንያት ርቀትን ጀልባዎቹ በቆሙበት ቅጽበት መለካት ነው። በመልህቅ ብቻ የተያዘ ጀልባ ግን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ፊቱን ወደ ነፋሱ እያዞረ በመልህቁ ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለሆነም ርቀት የሚለካው ጀልባው ዞሮ ሊደርስ ከሚችልበት ከመጨረሻው ነጥብ ነው።

ይህ በጣና ላይ በየዕለቱ የሚታይ ጉዳይ ነው። ጠዋት ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ የብሱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል። ከተማዋ ከሐይቁ በስተደቡብ በመሆኗ፣ በባሕር ዳር ዳርቻ ንጋት ላይ ፊቱን ወደ ከተማዋ አዙሮ የነበረ ጀልባ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ሞተሩን ወደ ዳርቻው አዙሮ ይገኛል። ጠዋት በሁለት ጀልባዎች መካከል ሰፊ የነበረው ክፍተት በዘጠኝ ሰዓት ላይ ላይኖር ይችላል።

የገመዱ ርዝመት የሚወሰነው በውኃው ጥልቀት ላይ ገመዱ የታሰረበት የጀልባው ፊት ከውኃው በላይ ያለው ከፍታ ተደምሮ ነው። በተረጋጋ አየር የዚህ ድምር 5 እጥፍ፣ ነፋስ በሚጠበቅበት ጊዜ 7 እጥፍ ገመድ ይለቀቃል። ለምሳሌ ውኃው 3 ሜትር ጥልቀት፣ የጀልባው ፊት ደግሞ 1 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው ድምሩ 4 ሜትር ስለሆነ በተረጋጋ አየር የሚያስፈልገው ገመድ 20 ሜትር ነው። ጀልባው 7 ሜትር ርዝመት ካለው ኋላው ከመልህቁ እስከ 27 ሜትር ርቆ በየትኛውም አቅጣጫ ሊገኝ ይችላል። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ገመድ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም። አጭር ገመድ መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ይነቅለዋል፤ ረጅሙ ግን አግድም ስለሚስበው ጥርሱን በጭቃው ውስጥ ይበልጥ ይቀብረዋል። በገመድ የታሰረ ድንጋይ ጥርስ ስለሌለው የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ተሳፋሪ የሚያጓጉዝ ጀልባ በድንጋይ ብቻ ታስሮ ሊተው አይገባም።

ተመሳሳይ መጠንና ተመሳሳይ የገመድ ርዝመት ያላቸው ጀልባዎች አብረው ስለሚዞሩ ክበቦቻቸው በከፊል ቢደራረቡም ብዙውን ጊዜ አይነካኩም። አደጋው ያለው ልዩ ልዩ ዓይነቶች ሲጎራበቱ ነው። ቀላል ጀልባ በትንሽ ነፋስ ወዲያው ይዞራል፤ ከባዱ ይዘገያል፤ በምሰሶ ላይ ከፊትም ከኋላም የታሰረው ደግሞ ጨርሶ አይዞርም። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ክበቦቻቸው ምንም ሳይደራረቡ መቆም አለባቸው።

ማን ለማን ቦታ ይለቃል?

ቀድሞ መልህቅ የጣለ ጀልባ ቦታውን ይይዛል፤ ዘግይቶ የመጣው ከእርሱ ክበብ ውጭ ይቆማል። ኋላ የመጣው መልህቁን ከመጣሉ በፊት ቀድሞ የቆመውን ባለጀልባ ገመዱ በየት በኩል እንደሄደና ስንት ሜትር እንደለቀቀ ቢጠይቅ አያፍርም፤ የተጠየቀውም በትክክል የመመለስ ግዴታ አለበት። ሆኖም ቀድሞ መምጣት ሁሉን ነገር አይፈቅድም፤ መልህቁ ተነቅሎ ወደ ሌላው የሚንሳፈፍ ጀልባ ቀዳሚ ቢሆንም እንኳ ተነሥቶ እንደገና መቆም ያለበት እርሱ ነው።

ቦታ በጣም ሲጠብ መልህቁን ወደ ሐይቁ ጥሎ ሌላውን ጫፍ በየብስ ካለ ምሰሶ ጋር ማሰር ይመረጣል። በዚህ መንገድ ጀልባው ስለማይዞር ጎን ለጎን ብዙ ጀልባ ይቆማል፤ ከጎን ያረጀ ጎማ ማንጠልጠልም መፋተግን ያስቀራል። ነገር ግን አንዱ መልህቅ በሌላው ገመድ ላይ ከተጣለ የታችኛው ጀልባ መውጣት ስለማይችል፣ ገመዶች ሁሉ እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው ወደ ሐይቁ ሊዘረጉ ይገባል። ዛፍ የምሰሶ ምትክ አይደለም።

ባለቤቱ በሌለበት የሌላውን ጀልባ ገመድ መፍታት ክልክል ነው። ጀልባው ሊሰምጥ ወይም ሌላውን ሊመታ ሲል ብቻ ፈትቶ በአስተማማኝ ቦታ ማሰርና ወዲያውኑ ማሳወቅ ይፈቀዳል። ጀልባውን ትቶ የሚሄድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ለመሳፈሪያው ጥበቃ ቢሰጥ ብዙ ክርክር ይቀራል።

ታንኳና የዳርቻው መሬት

የደንገል ታንኳ መልህቅ አያስፈልገውም፤ መሬት ግን ያስፈልገዋል። ደንገል ውኃ ስለሚመጥ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ወጥቶ ካልደረቀ እየከበደ ይሄዳል፣ ፈጥኖም ይበሰብሳል። የማድረቂያው ቦታ ባዶ መስሎ ስለሚታይ የሞተር ጀልባ ገመድ የሚዘረጋበት ወይም ዕቃ የሚራገፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ታንኳ ሠርተው ለሚተዳደሩት የወይጦ ማኅበረሰብ አባላትና ለሌሎች ዓሣ አጥማጆች የዕለት ገቢ ማጣት ማለት ነው። ሞተር ጀልባ በታንኳ አጠገብ ሲያልፍ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይገባል፤ የሚያስነሣው ማዕበል ዝቅ ብሎ የሚንሳፈፈውን ታንኳ በቀላሉ ይገለብጣል።

የሐይቁ ከፍታ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ውኃው በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል። በ1995 ዓ.ም. በእጅጉ በጎደለ ጊዜ መርከቦች ለወራት ለመንቀሳቀስ ተቸግረው ነበር። በጥቅምት ተስማሚ የነበረ ማቆሚያ በግንቦት ድንጋይ ላይ ሊያስቀምጥ ስለሚችል ጥልቀቱን በየወቅቱ በምልክት ገመድ መለካት ያስፈልጋል። ውኃው ሲሸሽ የሚወጣውን የባሕር ሸሽ መሬት አርሶ አደሮች ያርሱታል፤ በዘር ላይ ጀልባ መጎተትም ሆነ ካስማ መትከል አይገባም።

በገዳማት መሳፈሪያ

በደሴት ገዳማት ያሉት መውረጃዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጀልባ ብቻ ይይዛሉ። ተሳፋሪ አውርዶ ፈቀቅ ማለትና ሲጠሩ መመለስ የተለመደ ሥርዓት ነው። ሴቶች በማይገቡበት በክብራን ገብርኤል ተሳፋሪዎች በጀልባው ውስጥ ሆነው የሚጠብቁበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ጀልባው ከመውረጃው ርቆ መልህቅ ሊጥል፣ ተሳፋሪዎቹም የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ሊቆዩ ይገባል። በገዳም አቅራቢያ ሞተር ያለ ሥራ ማስጮህ ነውር ነው።

እምቦጭ

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ በነፋስ እየተነዳ በገመድ ላይ ይከማቻል፤ ክብደቱም መልህቅ ይነቅላል። ስለዚህ በእምቦጭ በተጠቃው የሐይቁ ክፍል ገመዱ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። የተነቀለው አረም ወደ ውኃው ሳይመለስ ከዳርቻው ርቆ በየብስ ላይ ይደርቃል፤ ቁራጩ ብቻ እንኳ በሌላ ቦታ ሊበቅል ስለሚችል፣ ወደ ሌላ መሳፈሪያ የሚሄድ ጀልባ መልህቁን፣ ገመዱንና ሞተሩን አጽድቶ ይነሣል።

ግጭት ሲደርስ

ጉዳት የደረሰበት ባለጀልባ በቅድሚያ ለመሳፈሪያው ኃላፊ፣ የአካል ጉዳት ካለ ደግሞ ወዲያውኑ ለፖሊስ ያመለክታል። በማመልከቻው ላይ ማን ቀድሞ እንደቆመ፣ የእያንዳንዱ ገመድ ርዝመት፣ የውኃው ጥልቀት፣ የነፋሱ አቅጣጫና ሰዓቱ ሊሰፍሩ ይገባል። የተጎዳው ክፍል ፎቶግራፍ የሚነሣው መልህቆቹ ከመነሣታቸው በፊት ነው፤ ከተነሡ በኋላ የማን ገመድ በማን ላይ እንደነበረ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ይሆናል።