ከፈረቃው ዘመን የተረፈው አምፖል

የ2001ዱ የመብራት ፈረቃ ገና አልተረሳም። ያኔ መብራት ኃይል ካመጣቸው መፍትሔዎች አንዱ ኃይል ቆጣቢው አምፖል ነበር፤ በተራው አምፖል ምትክ ጠምዛዛውን በሚሊዮን አደለ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ችግሩ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ ናት።

እሷ ምን ታደርጋለች? የጃፓኗ ሚናማታ መልሱን ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ፣ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ገበታ ላይ ደርሶ ያመጣው ነው። በርግጥ አምፖልና ፋብሪካ በመጠን አይወዳደሩም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። አርባ ምንጭ ላይ ሲታይ ደግሞ አጭር ነው፦ ኩልፎ በሲቀላ በኩል ወርዶ፣ የነጭ ሳርን ደን አቋርጦ ጫሞ ይገባል፤ የጫሞ ዓሣ ወደ ከተማዋ ገበታ ይመለሳል።

በሚናማታ ስም የተጠራው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲፈረም ኢትዮጵያም ፈርማለች። አምፖሎቹ ይውጡ ብለው የገፉት ግን አፍሪካውያን ናቸው፤ አውሮፓ ስታግድ ትርፉ አፍሪካ ላይ እንዳይራገፍ ሰግተው። ተሳካላቸውም። እስከ 30 ዋት ያለው ጠምዛዛ በ2025፣ ረጅሙ ፍሎረሰንት በ2027 መጨረሻ እንዲያበቃ ተወሰነ።

ውሳኔው ማምረትን፣ ማስገባትንና ማስወጣትን ይከለክላል። ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን አያወርድም። አገር ውስጥ የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ የተቃጠለ አምፖል ግን ቆራሌው እንኳ የሚፈልገው ዕቃ አይደለም። ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ይጣላል፣ የሚያዝያ ዝናብም ስብርባሪውን ቁልቁል ወደ ኩልፎ ይጠርገዋል።