የቮ ለ ቪኮምት ግቢና የባለቤቱ የኒኮላ ፉኬ ዜና

በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በመለን ከተማ አጠገብ ቮ ለ ቪኮምት የሚባል ርስት ይገኛል። ይህን ርስት በ1641 እ.ኤ.አ. የገዛው ኒኮላ ፉኬ ሲሆን፣ እርሱም በ1653 የመንግሥቱ ገንዘብ የበላይ አዛዥ ሆኖ ተሾመ፤ ሹመቱ በኢትዮጵያ በጅሮንድ ይባል ከነበረው፣ ማለትም የንጉሡን ግምጃ ቤት ከሚጠብቀው ሹም ጋር ቢቀራረብም፣ ሥልጣኑ ለመንግሥት ብድር እስከ ማፈላለግ ይደርስ ነበር።

ፉኬም ሀብቱ በበዛ ጊዜ፣ በ1656፣ በርስቱ ላይ አዲስ ቤት ሊያሠራ ተነሥቶ፣ ሕንፃውን እንዲነድፍ ሉዊ ለ ቮን፣ ጣራና ግድግዳውን በሥዕል እንዲያስጌጥ ሻርል ለ ብረንን፣ የአትክልቱን ስፍራ እንዲያቀና አንድሬ ለ ኖትርን አዘዘ። ስፍራው እንዲሰፋም መንደሮች ፈረሱ፣ መሬቱ ተደለደለ፣ ወንዙም በቦይ እንዲፈስ ተደረገ።

ከሁሉ ይልቅ የለ ኖትር ጥበብ ሊጻፍ ይገባዋል። ከቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ሜዳው፣ ገንዳዎቹና በስተመጨረሻ ያለው ዋሻ መሰል የድንጋይ ሥራ ተያይዘው በቅርብ ያሉ ይመስላሉ፤ መንገዱን ይዞ ሲወርድ ግን ቅርብ የመሰለው እየራቀ ይሄዳል፣ ከቤቱ ፈጽሞ ያልታየና ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦይም በድንገት ከፊቱ ተዘርግቶ ያገኘዋል። ይህም የሆነው መሬቱ በእርከን ዝቅ እያለ ስለሚወርድ፣ ሩቅ ያለውም ገንዳ ከቅርቡ እንዲበልጥ ሆኖ ስለ ተሠራ ነው፤ ርቀት ከዓይን የሚቀንሰውን ጠቢቡ አስቀድሞ በመጠን ጨምሮለታልና።

ኦገስት 17 ቀን 1661 ንጉሡ ሉዊ 14ኛ፣ ገና የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከእናቱ ከንግሥት አንና ከመኳንንቱ ጋር ከፎንቴንብሎ በሠረገላ ተነሥቶ ወደ ቮ መጣ፤ ሚስቱ ንግሥት ማሪ ቴሬዝ ግን ፀንሳ ስለ ነበረ ቀረች። እንግዶቹም የአትክልቱን ስፍራ ተዘዋውረው ካዩና ግብር ከበሉ በኋላ የሞልዬርን አዲስ ተውኔት ተመለከቱ፤ በመጨረሻም ርችት ተተኮሰ፣ ንጉሡም በዚያው ሌሊት ተመለሰ።

ብዙዎች ንጉሡ ፉኬን ለመጣል የወሰነው በዚያች ሌሊት በቅናት ተነሣሥቶ እንደ ሆነ ይተርካሉ፤ ነገሩ ግን ቀደም ብሎ የተቆረጠ ነበር። መንግሥቱን ይመራ የነበረው ካርዲናል ማዛረን በማርች ወር ስለ ሞተ፣ ንጉሡ ያለ ዋና ሚኒስትር ራሱ ሊገዛ ፈቅዶ ነበር፤ ኮልቤር የሚባለው ሹምም ፉኬ የመንግሥትን ገንዘብ አጥፍቷል እያለ ይከስሰው ነበር። ፉኬም በባልንጀሮቹ ዳኞች ፊት ብቻ እንዲከሰስ ያስችለው የነበረውን የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግነቱን በዚያው ክረምት ሸጦ፣ ያለ ከለላ ቀርቶ ነበር።

ሴፕቴምበር 5 ቀን፣ ንጉሡ 23 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ደ አርታኛን የተባለው የንጉሡ ዘብ መኰንን ፉኬን በናንት ከተማ ያዘው። ክርክሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በ1664 መጨረሻ ዳኞቹ ከአገር እንዲወጣ ቢፈርዱበት፣ ንጉሡ ቅጣቱን አክብዶ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው፤ ፉኬም በአልፕስ ተራሮች ባለው የፒኘሮል ምሽግ ታስሮ በ1680 ሞተ።

ንጉሡም ሦስቱን ጠቢባን ወስዶ በቬርሳይ አሠራቸው፤ የቮ የብርቱካን ዛፎችም ሳይቀሩ ወደዚያ ተጓዙ። ቮ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1875 አልፍሬድ ሶሚዬ የተባለ ባለጸጋ ጠፍ ሆኖ ሳለ ገዝቶ አሳደሰው፤ በ1968ም ለጎብኚ ተከፈተ።

ስለዚህ ከፓሪስ በመኪና ተነሥቶ የነገሥታቱን ግቢዎች የሚጎበኝ መንገደኛ ከቬርሳይ አስቀድሞ ቮን ሊያይ ይገባዋል፤ በቬርሳይ በመንግሥት ሀብት የሰፋው ሥራ በቮ በአንድ ሹም ገንዘብ ተሞክሮ የተሳካ ነበርና። ክብሩም ለአሠሪው ብቻ ሳይሆን፣ ለነደፉት ጠቢባንና አፈሩን ቆፍረው ድንጋዩን ለተሸከሙት፣ ስማቸው በቤቱ ላይ ላልተጻፈው ሠራተኞች ሁሉ ሊሆን ይገባል።